ወንዴና ሴቴ ብረት፦ ብረትን ከብረት አጋብቶ ስለት ማውጣት በሙስሊም ሊቃውንት መጻሕፍትና በአዲስ አበባ ቀጥቃጮች ዘንድ

«አረብ ብረት» የሚለው ስም በአማርኛ የቆየ ነው። ተራው ብረት በስሙ «ብረት» ተብሎ ሲቀር፣ ግሎ ሲነከር የሚጠነክረውና ስለት የሚይዘው ግን ከዐረብ ጋር ተያይዞ ይጠራል። ስያሜው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ ጠንካራው ብረት በዚህች አገር ሰው አእምሮ ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር የተቆራኘ እንደነበር ያመለክታል። በመድረሳዎቻችን ስለ ዐረብኛ ሰዋስው፣ ስለ ፊቅህና ስለ ሐዲስ ብዙ ይነገራል። ያ «አረብ» የተባለው ብረት በሙስሊም ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ግን እምብዛም አይነሣም።

ለዚህ ጥናት ቅርብ ምክንያት የሆነን የአረፋ ቢላዋ ነው። ዒድ አል-አድሓ ሲቃረብ በቦሌ ቡልቡላም እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ የሚፈለገው በጉ ብቻ አይደለም፤ ቢላዋውም ይፈለጋል። የቆየው ይሳላል፣ አዲስ ይገዛል። ከአዲሶቹ መካከል ገጹ እንደ ውኃ ሞገድ ኅብር ያለው፣ ሻጮች «የደማስቆ» የሚሉት ቢላዋ አልፎ አልፎ ይታያል። ይህ ለዑድሒያ ይሆናል ወይ? ተብሎ ሲጠየቅ የፊቅሁ መልስ አጭር ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን። የብረቱ መልስ ግን ረዘም ይላል፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ብረቶች በአንድ ስለት ውስጥ የተጋቡበት ታሪክ ነው።

ስለት ያለው መሣሪያ ሁሉ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ጠባዮችን ይጠየቃል። ጫፉ ጠንካራ ካልሆነ ቶሎ ይደንዛል፤ ጠቅላላ አካሉ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ይህን የሚወስነው በዋናነት ከብረቱ ጋር የተዋሐደው ካርቦን ነው። ካርቦን የሌለው ብረት ግሎ ውኃ ውስጥ ቢነከር ምንም አይለወጥም። ከመቶ ግማሽ ያህል ሲኖረው መጠንከር ይጀምራል፤ ወደ አንድ ከመቶ ሲጠጋ በጣም ስል የሆነ ጫፍ ይይዛል፤ ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ግን ተሰባሪነቱ ይበረታል። የቀድሞ ሰዎች የካርቦንን ስም አያውቁም፤ ሥራውን ግን በእጃቸው ያውቁት ነበር። በብረቱ ሥራ ላይ ቀድመው ሰፊ ጽሑፍ ካቆዩልን ሊቃውንት አንዱ ደግሞ «የዐረቦች ፈላስፋ» ተብለው የሚታወቁት አል-ኪንዲ ናቸው።

ያዕቁብ ኢብኑ ኢስሐቅ አል-ኪንዲ በሂጅራ ሦስተኛው፣ በሚላዲያ አቆጣጠር በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ የኖሩ ሲሆኑ፣ በፍልስፍና፣ በሒሳብ፣ በሕክምናና በሙዚቃ ጽፈዋል። ከጽሑፎቻቸው አንዱ ስለ ሰይፎችና ስለ ዓይነቶቻቸው የሚያወሳ መልእክት ነው። የተጻፈውም እ.ኤ.አ. ከ833 እስከ 842 ለገዛው ለዐባሳዊው ኸሊፋ ለአል-ሙዕተሲም ነው። ይህ ሊቅ ስለ ነፍስና ስለ አእምሮ በጻፉበት እጅ ስለ ሰይፍ ርዝመትና ስለ ብረት ቀለም መጻፋቸው እንግዳ ሊመስለን አይገባም። በእርሳቸው ዘመን አንድን ነገር በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ ማወቅ የዒልም ሁሉ መጀመሪያ ነበርና።

አል-ኪንዲ ብረትን በመጀመሪያ ለሁለት ይከፍሉታል፤ ከማዕድን እንዳለ የሚገኝና በሰው ሥራ የሚገኝ። ከማዕድን የሚገኘው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሻቡርቃን ይባላል፤ ወንዴው ነው፤ በባሕርዩ ጠንካራ ሆኖ ግሎ ሲነከር ይበልጥ ይጠነክራል። ሁለተኛው ናርማሃን ይባላል፤ ሴቴው ነው፤ ለስላሳ ሲሆን ቢነከርም አይጠነክርም። ቃሉ ፋርስኛ ነው፤ ትርጉሙም ለስላሳ ብረት ማለት ነው። ሰይፍ ከአንዱ ብቻ ወይም ከሌላው ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ሁለቱ ተጣምረው ሲሠሩ ግን ሊቁ ሦስተኛ ስም ይሰጡታል፤ ሙረከብ፣ ማለትም የተዋቀረ። በሰው ሥራ የሚገኘው ብረት ፉላዝ ነው። ይህም ለስላሳውን ብረት በማቅለጫ ውስጥ ከሌሎች ነገሮች ጋር አቅልጦ በማጥራት የሚወጣ ነው፤ ንክሩን ይቀበላል፣ በገጹ ላይም ፊሪንድ የተባለውን ኅብር ያሳያል። ፉላዝንና ሙረከብን ለይቶ መያዝ ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነው፤ ዛሬ ሁለቱም «ደማስቆ» በሚል አንድ ስም ተጠቅልለው ይቀርባሉና።

ሌላም የሚደነቅ አከፋፈል አላቸው። ሰይፎችን ዐቲቅና ሙሕደስ፣ ጥንታዊና አዲስ፣ ብለው ከለዩ በኋላ፣ ጥንታዊ ማለት ዘመኑ የራቀ ማለት እንዳልሆነ ያስጠነቅቃሉ። መለኪያው የዘር ክብር ነው፤ ዐረብ ጥሩ ፈረስን ዐቲቅ እንደሚለው ማለት ነው። ትናንት የተሠራ ሰይፍ የከበረውን ጠባይ ይዞ ከተገኘ ዐቲቅ ይባላል። ከእነዚህም የየመኑን በመጀመሪያ፣ ቀልዒ የተባለውን በሁለተኛ፣ የህንዱን በሦስተኛ ደረጃ ያስቀምጣሉ። የየመን ሰይፍ ዝና በዐረብ ግጥም የታወቀ ስለሆነ አንባቢያችን አይገርመውም።

ከዚህ ላይ ከባግዳድ ወደ መርካቶ ብንሻገር ክፍፍሉ አብሮን ይሻገራል። በምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት በሚሸጥበትና በሚቀጠቀጥበት ስፍራ ቀጥቃጩ ከፊቱ የተከመረውን ሲመርጥ የሚያደርገው የአል-ኪንዲን ነው። ፌሮ ለቢላዋ አይሆንም፤ ይታጠፋል፣ ይቀጠናል፣ ስለት ግን አይዝም። ላሜራም እንዲሁ። የመኪና ባሌስትራ ግን ይሆናል፤ ሞረድም ይሆናል፤ ኩሽኔታም ይሆናል፣ ሥራው ከባድ ቢሆንም። ፌሮው ናርማሃን ነው፤ ባሌስትራው ሻቡርቃን ነው። ቀጥቃጩ ስሙን አላነበበም፤ ሊቁም ቢሆኑ እንዲህ ያለውን ዕውቀት ከእሳት ዳር ሰዎች ካልሆነ ከየትም ሊያገኙት አይችሉም ነበር። ብረቱን ለመለየት የሚደረገው ፈተና እንኳ ቀላል ነው። በሚሽከረከር መፍጫ ላይ ሲነካ ለስላሳው ብረት ረጅምና ቀጥ ያለ ፍንጣሪ ያወጣል፤ ካርቦን የበዛበት ግን ፍንጣሪው እየተሰነጠቀ እንደ ኮከብ ይበተናል።

ታዲያ ሁለቱን ማጋባት ለምን አስፈለገ? አል-ኪንዲ የተዋቀሩ ብለው ከሚዘረዝሯቸው መካከል የፍራንጆችና ሱለይማኒያ የተባሉት ሰይፎች ይገኛሉ። የፍራንጆችን ሰይፍ ሲገልጹ ከመያዣው ወገን ሰፊ፣ ወደ ጫፉ ጠባብ፣ መሐሉም እንደ ወንዝ የጎደጎደ መሆኑን ይናገራሉ፤ ኅብሩንም ከጠበሪስታን ከሚመጣ ብርቅ የጨርቅ ሽመና ጋር ያመሳስሉታል። በአናቱም በወርቅ ወይም በነሐስ የተቀረጸ ጨረቃ ወይም መስቀል እንዳለበት ይጠቁማሉ። ይህ ሁሉ የዐይን ምስክርነት የሚመስል ዝርዝር ነው። በአውሮፓ በቁፋሮ የተገኙት የዚያ ዘመን ሰይፎችም በእርግጥ ለስላሳና ጠንካራ ብረቶች ተጠማዝዘውና ተጣብቀው የተሠሩባቸው ናቸው። የባግዳዱ ሊቅ የሌላውን ሕዝብና የሌላውን ሃይማኖት ሰው ሥራ ሲገልጹ መስቀሉን አይተው ብረቱን አልናቁም። ለመምህራን ይህ ብቻውን ትምህርት ያለበት ነው እንላለን።

ምክንያቱን በግልጽ የጻፉት ግን ከሁለት ምዕተ ዓመት በኋላ የመጡት አቡ አር-ረይሓን አል-ቢሩኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም የተወለዱት እኚህ ሊቅ በዕድሜያቸው ማምሻ ስለ ከበሩ ድንጋዮችና ስለ ማዕድናት «ኪታብ አል-ጀማሂር» የተባለውን መጽሐፍ በጋዝና ለሱልጣን መውዱድ ጽፈዋል። ስለ ብረት በሚናገረው ክፍል የሩስ ሰዎችን ሰይፍ ያነሣሉ። እነዚህ ሰዎች ጫፉን ከሻቡርቃን፣ መሐሉን ከናርማሃን ይሠሩ ነበር፤ ይህም ምቱን እንዲችልና እንዳይሰበር ነው። ንጹሕ ፉላዝ የእነርሱን ክረምት ብርድ አይችልም፤ ሲመታ ይሰበራል። የዛሬ ዘመን የብረት ጥናትም ጠንካራ ብረት በተለይም ፎስፈረስ ያለበት በብርድ ጊዜ ይበልጥ ተሰባሪ እንደሚሆን ስለሚያስተምር የአል-ቢሩኒ ማብራሪያ መሠረት ያለው ነው።

ቀጥሎ የጻፉት ይበልጥ ይማርካል። የሩስ ሰዎች የፊሪንድን ውበት ካወቁ በኋላ የሰይፉን መሐል ከሁለቱም ብረቶች በተሳቡ ረጃጅም ዘንጎች እየጎነጎኑ መሥራት ጀመሩ፤ በዚህም እንደ ፈቃዳቸው ድንቅ ኅብር ያወጡ ነበር። ፊሪንድ ግን በፈቃድ አይመጣም፤ በአጋጣሚ ይገለጣል። እዚህ ላይ አል-ቢሩኒ በሁለት ቃላት ብቻ ትልቅ ልዩነት አስቀምጠዋል። በተጋባው ብረት ኅብሩ የቀጥቃጩ ሐሳብ ነው፤ አንጥረኛው ምን እንደሚያወጣ አስቀድሞ ያውቃል። በፉላዙ ግን ኅብሩ ከብረቱ ውስጥ ይወጣል፤ ሠሪው ያዘጋጀዋል እንጂ አይሥለውም።

ፉላዙ እንዴት ይሠራ እንደነበር ሲያስረዱ አል-ቢሩኒ የሚጠቅሱት ሰው ፈላስፋ ወይም ፈቂህ አይደለም። መዝየድ ኢብኑ ዐሊ አድ-ዲመሽቂ የተባሉ የደማስቆ ብረት ሠሪ ናቸው፤ ስለ ሰይፎች መጽሐፍ እንደጻፉም ይነግሩናል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ማቅለጫ አምስት ረጥል የናርማሃን የፈረስ ጫማና ምስማር ይገባል፤ ከማዕድናት ዱቄት ጥቂት ይጨመራል፤ ማቅለጫው በጭቃ ይለሰናል፣ በከሰል የተሞላ እቶን ውስጥ ይቀመጣል፣ በወናፍ ይነፋል። ብረቱ ሲቀልጥ የሮማን ልጣጭና ሌሎች ነገሮች ያሉበት እሽግ ይጣልበታል፤ ከዚያ እንደገና ይነፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንቁላል የመሰለ የብረት ድቡልቡል ይወጣል። በዛሬው ዕውቀት ስናነበው የሮማኑ ልጣጭ ሥራ ግልጽ ነው፤ እየተቃጠለ ለለስላሳው ብረት ካርቦን ይሰጠዋል። በመርው ከተማ፣ በዛሬዋ ቱርክሜኒስታን፣ በሚላዲያ ከዘጠነኛው እስከ አሥረኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ይህን መሰል ብረት በማቅለጫ ይሠራበት የነበረ ስፍራ በቁፋሮ ተገኝቷል። በህንድና በሰረንዲብም እንዲሁ ይሠራ ነበር። ደማስቆ ገበያውና የሰይፍ ሥራው ቢታወቅባትም፣ ኅብራማው ብረት ሁሉ የእርሷ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ በገበያ «ደማስቆ» ተብሎ የሚቀርበው ቢላዋ፣ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአል-ኪንዲ ሙረከብ እንጂ የመዝየድ ፉላዝ አይደለም። ሁለት ዓይነት ብረቶች ተነባብረው፣ ግለው፣ በመዶሻ ተጣብቀው፣ ተስበውና ታጥፈው የተሠሩ ናቸው። ሰባት ጠፍጣፋ ብረቶች ተነባብረው አምስት ጊዜ ቢታጠፉ ሁለት መቶ ሃያ አራት ንብርብር ይሆናሉ። ተስሎ ካለቀ በኋላ በአሲድ ሲነከር አንዱ ብረት ይጠቁራል፣ ሌላው ብሩህ ሆኖ ይቀራል፤ ሞገዱም ይታያል።

የቀጥቃጩ ጥበብ የሚፈተነው እንግዲህ በምርጫው ነው። የማንኛውም ሁለት ብረት ጋብቻ አይሰምርም። በመጀመሪያ ሁለቱ ተቀራራቢ በሆነ ግለት የሚለሰልሱ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ሲለሰልስ ሌላው ደረቅ ከሆነ መዶሻ በመታው ቁጥር ይንሸራተታሉ፣ ይላቀቃሉ። ሁለተኛ፣ ሲነከሩ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚጠነክሩ መሆን አለባቸው። አንዱ በውኃ፣ ሌላው በዘይት የሚነከር ዓይነት ከሆነ፣ ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይኮማተሩ በመገናኛቸው ላይ ስንጥቅ ይወጣል። ሦስተኛው ክሮሚየም ነው። ክሮሚየም የበዛበት ብረት በእሳት ውስጥ ግትር ቆዳ ያበጃል፤ ያ ቆዳ ሁለቱ ገጾች እንዳይገናኙ ይከለክላል። ለዚህ ነው ዝገት የማይነካው የወጥ ቤት ብረት በተራ ከሰል ምድጃ ከሌላ ብረት ጋር በቀላሉ የማይጣበቀው። ባሌስትራም ጥቂት ክሮሚየም ስላለው ከተራው የካርቦን ብረት ይልቅ ለማጣበቅ ያስቸግራል፤ ኩሽኔታ ደግሞ ከእርሱም ይብሳል። ገጹን እንደ ቦራክስ ባለ ነገር ሸፍኖ ከአየር መከላከል ያስፈልጋል፤ በጥንቱ አሠራር ለዚህ አሸዋ ይነሰነስ ነበር።

አራተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ ጠለቅ ብለን ልናየው እንወዳለን። ካርቦን በጋለ ብረት ውስጥ አይቀመጥም፤ ይጓዛል። ንብርብሩ እየቀጠነ ሲሄድ ካርቦኑ ከበዛበት ወደ ጎደለበት እየተሻገረ በአጭር ጊዜ ይተካከላል። በመሆኑም ስድስት አሥረኛ ከመቶ ካርቦን ያለውን ባሌስትራ ሁለት አሥረኛ ከመቶ ብቻ ካለው ፌሮ ጋር እኩል በእኩል አነባብሮ ብዙ ጊዜ የሚያጥፍ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው ወደ አራት አሥረኛ ከመቶ የወረደ ስለት ነው። ኅብሩ ያምር ይሆናል፤ ቢላዋው ግን ከንጹሕ ባሌስትራ ከተሠራው ያነሰ ነው። ጠንካራው ለለስላሳው ሲሰጥ ሁለቱም መካከለኛ ሆኑ። የዛሬ ዘመን ቢላዋ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ለኅብር ሲሉ ለስላሳ ብረት አይቀላቅሉም፤ ሁለት ጠንካራ ብረቶችን ይመርጣሉ። አንደኛው ማንጋኒዝ ያለበት ተራ የካርቦን ብረት ሲሆን በአሲድ ይጠቁራል። ሁለተኛው ሁለት ከመቶ ያህል ኒኬል ያለበት፣ ለትልልቅ የእንጨት መጋዞች የሚሠራ ብረት ነው፤ ኒኬሉ አሲዱን ስለሚቋቋም ብሩህ ሆኖ ይቀራል። ኒኬል እንደ ካርቦን አይጓዝምና ኅብሩ እስከ መጨረሻው ሳይደበዝዝ ይኖራል። በጥንቶቹ ሰይፎችም ለብሩሁ መስመር ፎስፈረስ ያለበት ብረት ያገለግል እንደነበር በምርመራ ታውቋል።

ለስላሳውን ብረት መጠቀም የሚፈልግ ቀጥቃጭ የሩስ ሰዎችን መንገድ መከተል ይኖርበታል፤ ጠንካራውን በስለቱ ቦታ ላይ አጥንት አድርጎ፣ ለስላሳውን በጎኑ ወይም በጀርባው ማልበስ። እንዲህ ሲሆን ጫፉ ሙሉ ጥንካሬውን ይዞ ይቀራል፤ ለስላሳውም ምቱን ይቀበላል። ብረት ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ቁጠባም ነበር፤ ጥቂቱን ጠንካራ ብረት ለሚያስፈልገው ቦታ ብቻ መመደብ።

አሁን ወደ አረፋው ቢላዋ እንመለስ። ራፊዕ ኢብኑ ኸዲጅ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ደም የሚያፈስ መሣሪያ ሁሉ፣ የአላህ ስም ከተወሳበት፣ ይበቃል፤ ጥርስና ጥፍር ብቻ ተለይተዋል። ኅብር ያለው ብረት ይሁን የሌለው፣ አንድ ብረት ይሁን ሁለት፣ ለሕጉ ልዩነት የለውም። ልዩነት የሚያመጣው የስለቱ ጥራት ነው። ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ በነገር ሁሉ ኢሕሳን መደንገጉን ካወሳ በኋላ፣ የሚያርድ ሰው ስለቱን እንዲያሾልና እርዱን እንዲያሳርፍ ያዛል። በዚህ መለኪያ የምንናለሽ ተራው ባሌስትራ፣ በደንብ ተነክሮና ተስሎ ከቀረበ፣ ሞገዱ በማሽን ከታተመበት ውድ ቢላዋ ይበልጣል። የታተመ ኅብር ያለው ቢላዋ በገበያ መኖሩን ልንጠቁም እንፈልጋለን፤ ውስጡ አንድ ብረት ሆኖ ገጹ ብቻ በጨረር ወይም በአሲድ የተሣለ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ በእውነተኛው ንብርብሩ ገጽ ላይ ብቻ አይቆምም፤ በጀርባውና በጫፉ ላይም ይታያል፣ ሲሳልም ከሥሩ እንደገና ይወጣል። የታተመው ግን በመሳያ ይጠፋል። ሻጭ የታተመውን «የተጋባ ብረት» ብሎ ከሸጠ ጉዳዩ የብረት መሆኑ ይቀርና የንግድ ማጭበርበር ይሆናል፤ ኹጥባ ላይ ሊነሣ የሚገባው ይህኛው ነው። በአሲድ የተነከረ ቢላዋ ደግሞ ሥጋ ከመንካቱ በፊት በሚገባ መታጠብ አለበት።

እስካሁን ስለ ብረቱ ተናገርን፤ ስለ ብረቱ ሰው መናገር ይቀረናል። በአገራችን ቀጥቃጭ የሚኖረው በጎን ነበር። ማረሻውን፣ መጥረቢያውን፣ ካራውን ከእጁ የተቀበለው ሰው እርሱን ጠይብ፣ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን እያለ ይሸሸው ነበር። ይህን የክርስቲያኑ ማኅበረሰብ ነገር ብቻ አድርጎ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። በኦሮሞ ዘንድ ቱምቱ፣ በሶማሌ ዘንድ ቱማል የሚባሉት ብረት ሠሪዎች ሙስሊም ሆነው ሳለ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ልጅ አይሰጧቸውም፣ ከእነርሱም አይወስዱም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጅ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ስሙ ቢከስምም ነገሩ በጋብቻ ጊዜ ዛሬም ብቅ ይላል።

ይህ ንቀት ከዲኑ ምንጭ የለውም። ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ ብረት ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) መለስለሱን፣ ጥሩርም እንዲሠሩና ቀለበቶቹን እንዲመጥኑ መታዘዛቸውን ያወሳል፤ በሐዲስም ዳውድ ከገዛ እጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ተነግሯል። አንድ ሱራ ሙሉ በብረት ስም ተጠርቷል። ቀድመው ከሰለሙት ሰሃቦች አንዱ ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ.) በመካ ብረት ሠሪ ነበሩ። ለአል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል ሠርተው ሒሳባቸውን ሊጠይቁ ቢሄዱ፣ በሙሐመድ ካልካድክ አልከፍልህም እንዳላቸው ቡኻሪ ዘግበዋል፤ የሱረቱ መርየም አንቀጽም በዚሁ ምክንያት ወርዷል። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም ለማጥባት የተሰጠው ለአንድ ብረት ሠሪ ሚስት ነበር። አነስ (ረ.ዐ.) እንደተረኩት አቡ ሰይፍ የተባለው ይህ ሰው ወናፉን እየነፋ፣ ቤቱም በጭስ ተሞልቶ ሳለ ነቢዩ ልጃቸውን ሊያዩ ይሄዱ ነበር፤ አነስም ቀድመው ሮጠው ወናፉን እንዲያቆም ይነግሩት ነበር። የአላህ መልእክተኛ ልጃቸውን በጭስ ከተሞላ የቀጥቃጭ ቤት አኑረውታል።

መልካም ጓደኛን ከሚስክ ሻጭ፣ መጥፎውን ከወናፍ ነፊ ጋር የሚያመሳስለውን የታወቀ ሐዲስ ቀጥቃጭን ለማንቋሸሽ ሲጠቅሱት የሚሰማ አለ። ምሳሌው የቆመው በጭሱና በፍንጣሪው ላይ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠ ልብሱ ይቃጠላል ወይም ሽታ ይነካዋል። ስለ ሠሪው ዘርም ሆነ ክብር አንዳች አይናገርም። መዲና ክፉ ሰዎችን የምታስወጣበት ሁኔታ ወናፍ የብረትን ዝቃጭ እንደሚያወጣ ተደርጎ በሌላ ሐዲስ ተገልጿል፤ እዚያ የወናፉ ሥራ ማጥራት ነው።

ዑለማእ በኒካሕ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ከፋአ፣ ማለትም ስለ ተጋቢዎች መመጣጠን፣ ሲጽፉ ሙያን የቆጠሩ መኖራቸው እውነት ነው። የሻፊዒይና የሐነፊ መዝሀብ መጻሕፍት ሙያን ያነሣሉ፤ ማሊኪዎች ግን አይቆጥሩትም። ሙያን የቆጠሩትም ቢሆኑ የትኛው ሙያ ዝቅ እንደሚል የሚወስኑት በዘመኑና በአገሩ ልማድ እንጂ በነስ አይደለም። ልማዱ ሲለወጥ ፍርዱም አብሮት ይለወጣል። ከሁሉም በላይ ከፋአ በሻፊዒዮች ዘንድ የሙሽራዪቱና የወሊዮቿ መብት ነው፤ እነርሱ ከተስማሙ ዐቅዱ ይጸናል። እንግዲህ ሙሽራው የቀጥቃጭ ልጅ ነው በሚል ብቻ ጎረቤት ወይም የሩቅ ዘመድ ተቃውሞ ይዞ ወደ መስጂድ ሲመጣ፣ ልጂቱና ወሊዮቿ እስከወደዱ ድረስ ኢማሙ ዐቅዱን የሚያዘገዩበት ምክንያት በመጻሕፍቱ ውስጥ አያገኙም።